ጋሽ እርማት እና የልጃቸው አልበም

በየቤተሰቡ ምስጋና ጉሮሮው ላይ የሚሰነቀርበት አንድ ሰው አይጠፋም። የዚህ ማኅበር የዕድሜ ልክ ሊቀመንበር ግን ክቡር የቫዮሊን መምህር ጋሽ እርማት ናቸው። ስሙን ያወጡላቸው ተማሪዎቻቸው ናቸው። ሠርግ ሲጠሩ ሙሽራዋን ትተው የኦርጋኑን ቅኝት ይታዘባሉ። የበር ደወል ሲጮህ ከመክፈታቸው በፊት "ቅኝቱ ዝቅ ብሏል!" ይላሉ። ሐኪሙ ልባቸውን አዳምጦ "ደህና ነው" ቢላቸው፣ "ምቱ ይቸኩላል፤ እስቲ ደግመህ ስማው" ብለው መለሱት።

እንግዲህ የእኚህ ሰው ልጅ ጊታሪስት ሆነች፤ ያውም የሮክ። ሁለት ዓመት ለፍታ ከጓደኞቿ ጋር አልበም ሠራች። በግድግዳ በኩል ከአባቷ ክፍል ስትሰማው ያደገችውን ክላሲካል ሙዚቃ ከኤሌክትሪክ ጊታርና ከከበሮ ጋር አጋባችው። ጋዜጣ አሞገሳት፣ አዳራሽ ሞላላት። እሷ ግን የቸገራት የአንድ ሰው ቃል ነበር። ሲዲውን ሰጥታቸው ቆማ ጠበቀች።

"ሽፋኑ ላይ ያለችው ልጅ የቫዮሊን አያያዟ ልክ አይደለም" አሏትና ወደ ክፍላቸው ገቡ።

ሦስት ሳምንት በሩ ተዘጋ። ከውስጥ ሲዲው ይሰማል፤ አንዷን የዘፈን ቦታ ያስጀምሯታል፣ ያቆሟታል፣ ደግሞ ወደ ኋላ ይመልሷታል።

"ስህተት እየለቀመልሽ ነው፤ ልብሽን ጠንከር አድርጊ" አለቻት እናቷ።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሽ እርማት ብቅ አሉና ወፍራም የወረቀት ክምር ጠረጴዛው ላይ ዘረገፉ። ልጅቷ ስህተቷን ልትቆጥር ቀረበች። ስትገልጠው ግን የስህተት ዝርዝር አልነበረም። አልበሙ ከዳር እስከ ዳር በእጃቸው በኖታ ተጽፏል፤ ለትምህርት ቤታቸው ኦርኬስትራ፣ ለእያንዳንዱ መሣሪያ።

"ተማሪዎቼ ሊጫወቱት ነው" አሉ መነጽራቸውን እየጠረጉ። "ሁለተኛው ዘፈን ላይ ቼሎው ዘግይቶ ይገባል። አስተካክዬዋለሁ።"

መጨረሻው ዘፈን ላይ፣ ጊታሯ ብቻዋን የምትገንበት ቦታ፣ መስመሩ ባዶ ነበር።

"አባዬ፣ ይሄስ?"

"ሃያ ጊዜ ጻፍኩት፣ ሃያ ጊዜ ቀደድኩት። አልቻልኩም።"

ይህ ቃል ከአባቷ አፍ ሲወጣ በዕድሜዋ ሰምታ አታውቅም። ኩራት አንገቷን ቀና ሲያደርገው፣ ዕንባዋም አብሮ መጣ።

"ታዲያ ምን ይሻላል?"

"ራስሽ መጥተሽ ትጫወቺዋለሻ! ቅዳሜ አራት ሰዓት። ለልጆቹ ከእኔ የምትበልጥ ሙዚቀኛ ትመጣለች ብያቸዋለሁ፤ እንዳታረፍጂ።"