የዳገቱ ወገብ

(ደብረ ታቦር፤ ከገበያው ወደ መስጊዱ የሚያወጣው ዳገት ግርጌ። ጊዜው ከሰዓት በኋላ ነው። ልብስ ሰፊው ይማም ሱቁ ደጃፍ ተቀምጦ የሱሪ ጫፍ በእጁ ይሰፋል። ጎረቤቱ ሞላ ጆንያና ገመድ ይሸጣል፤ ሱቁን ክፍት ትቶ መጥቶ አጠገቡ ቆሟል። ክርክሩ ከተጀመረ ቆይቷል።)

ሞላ፦ እሺ፣ ሁሉን ታውቃለህ እንበል። አባትህ ለምንድን ነው ከቤት የማይወጡት?

ይማም፦ (መርፌውን አቁሞ) እሱማ... እሱማ ብዙ ምክንያት አለው።

ሞላ፦ አንዱን ንገረኝ።

ይማም፦ ብዙ ነው እያልኩህ አንዱን እንዴት ለይቼ ልንገርህ?

ሞላ፦ እሱስ ልክ ነህ። እንግዲያው ሁሉንም ንገረኝ።

ይማም፦ አንተ ሰውዬ፣ ስትጠይቅ እንደ ዝንብ ነህ፤ ቢያባርሩህ ተመልሰህ እዚያው ታርፋለህ። ይልቅ መንገዱን እየው። የሰፈሩ የመንገድ ኮሚቴ ሰብሳቢ ማነው?

ሞላ፦ አንተ።

ይማም፦ እግረኛው ከባጃጅ ጋር እንዳይጋፋ ከፍ ያለ መሄጃ ያሠራለትስ?

ሞላ፦ አንተ።

ይማም፦ ዊልቸር እንዲወጣ ጠርዙን ዝቅ ያስደረገ፣ ለብስክሌት ነጭ መስመር ያስቀባ?

ሞላ፦ እሱም አንተ። ስለ መስመሩ ግን አንድ ያልገባኝ ነገር አለ።

ይማም፦ አንድ ብቻ ከሆነ ተሻሽለሃል።

ሞላ፦ መምህር ይሻው ጠዋት በብስክሌቱ ቁልቁል ይወርዳል። ማታ ዳገቱ ስለማያስነዳው ወርዶ እየገፋ ይወጣል። ሲወርድ ብስክሌተኛ ነው፤ ሲወጣ እግረኛ ነው። ታዲያ ሲወጣ በየትኛው ይሂድ?

ይማም፦ በስብሰባ ይታያል።

ሞላ፦ እሱማ እስከዚያው ብስክሌቱን በመስመሩ፣ ራሱን በእግረኛው መንገድ አድርጎ፣ ክንዱን ዘርግቶ ይገፋል። ትናንት ሳየው ፍየል የሚጎትት መስሎኝ ነበር።

ይማም፦ ሕግ አክባሪ ማለት እሱ ነው።

ሞላ፦ ይሁን። አባትህስ?

ይማም፦ (ተንፍሶ) አባቴ አስጨንቀውኛል፣ ሞላ። ነርሷ በየቀኑ ካልተራመዱ ጉልበታቸው ጭራሹን ይታሰራል ብላለች። እሳቸው ግን መስጊድ መሄዱንም ተዉት። ቀን ያልሄዱትን ሌሊት ቤት ውስጥ ይሄዱታል። ከግድግዳ ግድግዳ፣ ከዘራቸውን ቋ ቋ እያደረጉ። ባለቤቴ ነስሪንም እኔም እንቅልፍ ካየን ከረምን።

ሞላ፦ ባጃጅ ፈርተው ይሆን?

ይማም፦ ድሮ ባጃጅ ጋቢያቸውን እየነካ ሲያልፍ ይወጡ የነበሩ ሰውዬ፣ አሁን ለብቻቸው መንገድ ሲሠራላቸው ይፈሩ?

ሞላ፦ ብርዱ ይሆናላ። ከጉና የሚወርደው ነፋስ...

ይማም፦ ነፋሱ የመጣው ዘንድሮ ነው እንዴ?

ሞላ፦ ታዲያ ደክሟቸው ነዋ።

ይማም፦ ድካምማ የታሰበበት ነው። ከታች እስከ ላይ በየሱቁ ገብቼ፣ ሽማግሌ ሲደክመው አስቀምጡ ብዬ አደራ ብያለሁ። ሁሉም በዓይናችን አሉኝ። ዳገቱን ሙሉ ወንበር ነው ያደረግሁላቸው።

ሞላ፦ እሳቸውም ያሉኝ ይህንኑ ነው።

ይማም፦ ማን ናቸው ያሉህ?

ሞላ፦ ጋሽ ሱልጣን ናቸዋ። ጠየቅኋቸው።

ይማም፦ (ደንግጦ) አባቴን? ለምን አይወጡም ብለህ ፊት ለፊት?

ሞላ፦ ታዲያ በጀርባ ልጠይቃቸው?

ይማም፦ ነርሷን ጠይቄያለሁ፣ ባለሱቆቹን ጠይቄያለሁ፣ ኮሚቴውን ጠይቄያለሁ። አባትን ለምን ብሎ መጠየቅ ግን ነውር ነው።

ሞላ፦ እኔ ነውር መሆኑን ስላላወቅሁ ነገሩኝ። ዳገቱ ወገብ ላይ ሲደርሱ ይደክማቸዋል። ጀሚላ ሱቅ ጎራ ሲሉ ያለው ሰው ሁሉ ብድግ ይላል። አትነሱ፣ አትነሱ ሲሉ ቆመው ይቆያሉ። ሲቀመጡ ሻይ ይመጣል። አልጠጣም ካሉ ናቁን ይባላል። ጠጥተው ሲወጡ እሸቴ ከሱቁ ሆኖ ያያቸዋል፤ እዚያ ተቀምጠው እኔን ሊያልፉኝ ነው ብሎ ያኮርፋል። እሱም ጋ ይገባሉ፣ እሱም ሻይ ያዛል። መስጊድ ሲደርሱ ሰው ሰግዶ ይወጣል።

ይማም፦ ሻይ ጠጥተው ሶላት አለፋቸው?

ሞላ፦ አለፋቸው። ደጋግሞ ሲያልፋቸው አፈሩና ቤት ቀሩ። ያ ድንጋይ ሻይ አያፈላም፣ አያኮርፍም ነበር አሉኝ።

ይማም፦ የቱ ድንጋይ?

ሞላ፦ ዳገቱ ወገብ ላይ የነበረው ነዋ። አረፍ ይሉበት የነበረው።

ይማም፦ እሱ እንቅፋት ነበር። መሀል መንገድ ተጎልቶ ዊልቸር አያሳልፍም።

ሞላ፦ ልክ ነህ። ወደ ግድግዳው ፈቀቅ ቢደረግስ ኖሮ?

ይማም፦ (ወደ ዳገቱ እያየ) ለካ ፈቀቅ ይደረጋል።

ሞላ፦ በስብሰባ ይታይ?

ይማም፦ ተወኝ እባክህ። አሁኑኑ ይመለሳል። የት ነው ያለው?

ሞላ፦ አንድ ሰው ለግሉ አድርጎታል።

ይማም፦ አየህ የዚህን አገር ሰው? ሽማግሌ የሚያርፍበትን ድንጋይ ለግሉ። ኮሚቴው አስነሱት አለ እንጂ ውሰዱት አላለም።

ሞላ፦ ሠራተኞቹ የት እናድርገው ቢሉት፣ ራሱ ነው ወዲህ አንከባልሉት ያላቸው። ከዚያ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሰፍቶ አለበሰው። አሁን ድንጋይ መሆኑንም የረሳ ይመስለኛል።

ይማም፦ እንዲህ ያለውን ጅል ስሙን ንገረኝ። ሄጄ ላነጋግረው።

ሞላ፦ መሄድ አያስፈልግህም። ብድግ ማለት ብቻ ነው።

(ይማም ቀስ ብሎ ወደ ታች ያያል። የተቀመጠበትን ጨርቅ ጫፍ ገልጦ መልሶ ይሸፍነዋል። ሞላ ሱቁ ገብቶ ወፍራም ጆንያና ገመድ ይዞ ይመጣል። ድንጋዩን ጆንያው ላይ ጭነው፣ አንዱ እየጎተተ አንዱ እየገፋ ዳገቱን ይያያዙታል።)

(በማግስቱ ጠዋት። ይማም ደጃፉ ላይ ቆሞ ክር ይቋጫል፤ መቀመጫ የለውም።)

ሞላ፦ ወጡ?

ይማም፦ ወጡ። ትናንት ድንጋዩ መመለሱን ብነግራቸው ለማምሻው ሶላት ተነሱ፤ ከታች ሆኜ ሳያቸው ነበር። ድንጋዩ ላይ ተቀምጠው ግድግዳውን ተደግፈው አረፉ፤ ማንም አልተነሳላቸውም። ጀሚላ ብርጭቆ ይዛ ብቅ ስትል በእጄ ምልክት ብሰጣት ተመለሰች። ሶላቱ ሳይጀመር ደረሱ። ሲመለሱም እዚያው ተቀመጡ።

ሞላ፦ ሌሊትስ?

ይማም፦ ሌሊትማ ዝምታው አስፈራን። ነስሪን እየተነሳች በሩ ላይ ትንፋሻቸውን ታዳምጥ ነበር።

ሞላ፦ ለመሆኑ ስንት ሰዓት ተኙ?

ይማም፦ ራት ላይ እያሉ ነው። ጉርሻቸውን እንደያዙ ነበር፤ ከእጃቸው የተቀበልኳቸው እኔ ነኝ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ተኙ።