የጋሽ ጎሳዬ አውራ ጣትና ክቡር ኢንጂነር ሸኩር

እያንዳንዱ ሰፈር አንድ "ቀላል ናት" የሚል ሰው አለው። ውሃ የሌለው ሰፈር ይኖራል፤ መብራት ሲያሻው የሚመጣበት ሲያሻው የሚሄድበት ሰፈርም ሞልቷል። ፒንሳ በኋላ ኪሱ ሻጥ አድርጎ፣ የተበላሸ ዕቃ ከሩቅ አሽትቶ፣ ሳይጠሩት ከተፍ የሚል ሰው የሌለው ሰፈር ግን ገና አልተቆረቆረም። እንዲህ ያለው ሰው ዕቃውን ሳያይ "ቀላል ናት" ይላል። ከፈታታው በኋላም "ቀላል ናት" ይላል። ገጥሞ ሲጨርስ ጠረጴዛው ላይ ብሎን ከቀረ ደግሞ "እሷ ትርፍ ናት፤ ፋብሪካው ለመጠባበቂያ ነው የሚጨምራት" ብሎ ወደ ኪሱ ይከታታል።

ለጅማው ጊንጆ የደረሰው ክቡር ኢንጂነር ሸኩር ነው። የኢንጂነርነቱን ማዕረግ ማን እንደሰጠው አይታወቅም። ሚስቱ ሀዋ "ወላሂ እኔ እጄ የለበትም" ትላለች። ዲሽ ይተክላል፤ የቡና መጋዘኖች በር ላይ የሚሰቀሉትን ካሜራዎች ይዘረጋል፤ የቀረውን ጊዜ ለጎረቤት ጥፋት ያውለዋል።

የጥፋቱን ልክ ከግድግዳ ማዶ የምትኖረው ጽዮናዊት አሳምራ ታውቀዋለች። የእትዬ ተናኘን ዲሽ ካስተካከለ ወዲህ እትዬ ተናኘ የሚመጣላቸው ጣቢያ አንድ ብቻ ነው፤ በምን ቋንቋ እንደሚናገር የሚያውቅ ሰው አልተገኘም። እሳቸው ግን ድራማውን ለምደው ማልቀሻ ሰዓታቸውን ይጠብቃሉ። የፈየራ ባጃጅ በሸኩር እጅ ካለፈች ወዲህ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ጥሩንባዋ ይጮሃል፤ መንደራ ቆጪ ድረስ የሚሳፈሩ ሰዎች ሹፌሩ ላገኘው ሁሉ ሰላምታ የሚሰጥ ይመስላቸዋል። የራሷ የጽዮናዊት የበር ደወል ደግሞ ሲደወል አይጮህም፤ የሳሎኑን መብራት ያጠፋል። እሷና አባቷ እንግዳ መምጣቱን በጨለማ ያውቃሉ።

ጽዮናዊት ለዚህ ሰው "አይሆንም" ብላ አታውቅም። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ መድኃኒቱ ከምግብ በኋላ እንደሚወሰድ ስትናገር እንኳ ሰው ጆሮውን ወደ መስኮቱ ያስጠጋል። እንዲህ ባለ ድምፅ ሸኩርን መመለስ ጎርፍን በመሀረብ እንደ መገደብ ነው። የምትችለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ የግቢው በር ሲንቋቋ፣ የሸኩር እጅ ያልነካትን አንዲት ዕቃ፣ ጠዋት ጠዋት የምታዳምጣትን ትንሽ ራዲዮ፣ በነጠላ ጠቅልላ ቁም ሳጥን ውስጥ መደበቅ።

አባቷ ጋሽ ጎሳዬ በዘመናቸው የጊንጆ ጌም ቤት ባለቤት ነበሩ። ያ ትውልድ ካሴቱን እፍ ብሎ አቧራውን እያራገፈ የሚጫወት ትውልድ ነው፤ ሸኩርም ከዚያው መሀል፣ ያውም ተራ የማይጠብቀው። ጋሽ ጎሳዬ ራሳቸው የሚጫወቱት አመሻሽ ላይ፣ ደንበኛ ሲሳሳ ነበር። ጉድጓድ እየዘለለ የሚሮጠውን ትንሽ ሰውዬ በአውራ ጣታቸው ሲነዱት ሕፃናቱ ወደ ቤት መሄድ ይረሱ ነበር። እንዳስፈላጊነቱ እናቶች በጆሮ ይዘው ይወስዷቸዋል።

አምና ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ተመለሰ፤ ንግግራቸውም ተመለሰ፤ ቀኝ እጃቸው ግን ከሰው ቤት እንደ መጣ እንግዳ ጭናቸው ላይ ተቀምጦ ቀረ። በማንኪያ፣ በግራ እጃቸው ይበላሉ፤ ሰው ሲመጣ ደግሞ "በልቻለሁ" ይላሉ። ሐኪሙ ጣታቸውን ማሠራት እንዳለባቸው፣ ካላሠሩት እንደሚደርቅ ለጽዮናዊት ነግሯታል። እሷም ያን የድሮ ጨዋታ ፈልጋ ኮምፒውተር ላይ ጫነችላቸው፤ ኮምፒውተሩን ሳሎን ካለው ቀጭን ቲቪ ጋር አገናኘች፤ ጆይስቲክ ገዝታ እጃቸው ላይ አስቀመጠች።

ሰውዬው ሮጠ። ጉድጓዱ ደረሰ። ጋሽ ጎሳዬ ተጫኑ። ሰውዬው ጉድጓድ ውስጥ ከገባ በኋላ ዘለለ።

ደገሙት፤ ያው ነው። ሲሰለቻቸው ጆይስቲኩን በቀስታ አስቀመጡና "አየሽ ልጄ፣ እጄ ከኔ ኋላ ቀርቷል" አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሸሚዛቸውን ቁልፍ ለመቆለፍ እንኳ አልሞከሩም። ጽዮናዊት የገዛ ስጦታዋ የአባቷን ተስፋ የወሰደባት መሰላት። ለማንም አልተናገረችም።

ሳሎኑ ድንገት ጨለመ። ሸኩር ነበር።

"አሰላሙ አለይኩም! ጋሽ ጎሳዬ፣ መጫወት ተዉ አሉ?"

"እጄ ሞቷል፣ ሸኩር።"

ሸኩር ቲቪውን ዞሮ አየ፤ ጆይስቲኩን አንስቶ አንዴ ተጫነና ሳቀ። "እጅዎ አይደለም። ቲቪዋ ናት! ቀጭኗ ቲቪ ምስሉን ከተቀበለች በኋላ ታስባለች፣ ትኳኳላለች፣ ከዚያ ነው የምታሳይዎ። የድሮዋ፣ ከኋላ የምታብጠዋ፣ አታስብም፤ እንደ መጣላት ታሳያለች። እርስዎ በሰዓቱ ይጫናሉ፤ እሷ ናት የምትዘገየው። የድሮዋን ፈልጌ አመጣልዎታለሁ። ቀላል ናት! ረኮ ሂንቀቡ!"

ረኮ ሂንቀቡ፣ ማለትም ችግር የለም፣ የችግር መጀመሪያ እንደሆነ ጊንጆ ያውቃል።

"አንተ ልጅ" አሉ ጋሽ ጎሳዬ፤ "ዕቃው አነሰህና ደግሞ በሽተኛ መጠገን ጀመርክ?"

ጽዮናዊት ከኩሽና በር ላይ ቆማ ነበር። ሸኩር ልክ ይሆን ይሆን? መቼ ልክ ሆኖ ያውቃል? በድሮው ዓይነት ቲቪ ላይም ሰውዬው ጉድጓድ ከገባ ለአባቷ ሰበብ የሚሆን ነገር አይኖርም፤ ጆይስቲኩን ዳግመኛ አይነኩም። "ይቅርብን" ልትል አፏን ከፈተች። ሸኩር ግን ወጥቶ ሄዷል፤ መብራቱም ተመልሷል።

በሳምንቱ ከአጋሮ ተመለሰ። አንድ የሠርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር ሰው ቤቱን ሲዘጋ የተወውን የድሮ፣ ከኋላ ያበጠ ሞኒተር ይዞ ነው የመጣው። ባጃጇ ውስጥ የተቀመጠው ሞኒተሩ ነበር፤ በጋቢ ተሸፍኖ፣ እንደ ሙሽራ። ክቡር ኢንጂነሩ በሹፌሩ በኩል ግማሽ አካላቸውን ውጭ አንጠልጥለዋል። ሞኒተሩ ሳሎን ገብቶ ሲቀመጥ ጠረጴዛው አቃሰተ።

"ይቺ ተራ ቲቪ አይደለችም" አለ ሸኩር፣ ላቡን እየጠረገ። "የባለሙያ ናት፤ አንቴና አታውቅም። ቀይ ለብቻ፣ አረንጓዴ ለብቻ፣ ሰማያዊ ለብቻ ነው የምትቀበለው።" የምትቀበልበት ቀዳዳ የድሮ የመጋዘን ካሜራ ገመድ ጫፍ ልክ የሚገባበት ሆኖ ተገኘ። ሸኩር ደግሞ ካሜራ በቀየረ ቁጥር የቆረጣቸውን ጫፎች ሁሉ በጣሳ አጠራቅሟል። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰበሰበው ነገር ጥቅም ላይ ሊውል ነው፤ ደስታው ከፊቱ ሞልቶ ፈሰሰ።

ጽዮናዊት በበኩሏ ለአዲሱ እንግዳ የሚገባውን አደረገች። መብራቱ እንዳያቃጥለው ስታቢላይዘሩን አምጥታ ከሞኒተሩ ጎን አስጠጋች፤ ብረቱ ዓይን እንዳይወጋ የእናቷን ዳንቴል አለበሰችው።

ሸኩር ገመዱን በየደው፤ አገናኘው፤ "ቢስሚላህ" ብሎ አበራ። ጽዮናዊት ቀጭን፣ እንደ ትንኝ ያለ ፉጨት ሰማች።

"ይፏጫል" አለች።

"ትፏጫለች?" ሸኩር ጆሮውን አስጠጋ። "እኔ አይሰማኝም። ጋሽ ጎሳዬስ?"

"እኔም።"

"እንግዲህ ጆሯችን አርጅቷል" አለ ሸኩር፤ ለአንዴ ፈገግታው ቀነሰ። "የሷ ይስማ፤ ካፏጨች በሕይወት አለች ማለት ነው።"

በሕይወት ያለችው ሞኒተር ግን ምስል አላሳየችም። በሰያፍ የሚሮጡ መስመሮች ብቻ፣ በነፋስ እንደሚገፋ ዝናብ። ሸኩር "ቀላል ናት" አለ፤ ገመድ ቀየረ። ዝናቡ ቀጠለ። የሞኒተሩን ጀርባ ሊፈታ ብሎን መፍቻውን ሲያነሳ ሀዋ ደረሰች። ሀዋ መጋዘን ውስጥ ቡና ለቃሚ ናት፤ ያን ዕለት እረፍቷ ነበር።

"ማል ታቴ? ምን ሆነሃል? ደግሞ ምኗን ልታወጣላት ነው?"

"አንቺ አይገባሽም። ኮምፒውተሩ መስመሮቹን ፈጥኖ ይልካል፣ ይቺ አትደርስበትም። እንድትፈጥን ላደርጋት ነው።"

ሀዋ ወገቧን ያዘች። "ስማ ያ ሸኩር። እኛ ጋ ቡናው በቀበቶ ነው ፊታችን የሚያልፈው። ቀበቶው ሲፈጥን መለቀም ያለበት ጥቁሩም ነጩም ፍሬ አብሮ ያመልጠናል። ያን ጊዜ የሴቶቹን እጅ ፈተው ይገጥማሉ? ቀበቶውን ነው የሚያዘገዩት! ሜ፣ አስቀምጠው ያን ብረት።"

ሸኩር ብሎን መፍቻውን አስቀመጠ። "እሱን ልል ነበር" አለ።

ቀበቶውን ማዘግየት ግን ከንግግሩ ከበደ። በኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የምስል ካርድ ዝግታ አያውቅም ነበር፤ ሸኩር በከተማው ዞሮ አሮጌ ካርድ አመጣና ቀየረው። ጽዮናዊት ደግሞ ካርዱ በድሮው ቲቪ ፍጥነት እንዲልክ የሚያደርገውን ፕሮግራም ፈልጋ ጫነች። ኮምፒውተሩ "መስመሩ አልቋል" እና "ገጹ አልቋል" የሚሉትን ምልክቶች በሁለት ሽቦ ይልካል፤ ሞኒተሯ ግን በአንድ ነው የምትቀበለው። ሸኩር ሁለቱን የምታዋህድ ትንሽ ነገር ሠራ። ጠረጴዛው ላይ አንዲት ብሎን ቀረች። ማንም ስለሷ አላነሳም።

ሲበራ ዝናቡ ቆመ። ሰማያዊ ሰማይ፣ ጡብ፣ ትንሹ ሰውዬ። ሀዋ እልል አለች። ጋሽ ጎሳዬ ከወንበራቸው ቀና አሉ።

ከዚያ ምስሉ መወዛወዝ ጀመረ። ጡቡ ይንሳፈፋል፤ ጉድጓዱ ወዲህ ወዲያ ይላል፤ ሁሉም ነገር ውሃ ውስጥ ያለ ይመስላል። ሸኩር ገመዱን ነካካ። ማቀናበሪያውን አዞረ። አጠፋ፤ አበራ። ቁጭ አለ። ጋሽ ጎሳዬን ሳያይ፣ እጁን እያየ፣ "አላውቅም" አለ።

በዚያ ሰፈር ማንም ይህን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሰምቶ አያውቅም። ጋሽ ጎሳዬ "ተወው ልጄ፤ ደክመሃል" ብለው ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ሸፈኑ። ጽዮናዊት እስከዛሬ ከሰማቻቸው "ቀላል ናት"ዎች ሁሉ ይህ "አላውቅም" የበለጠ አስፈራት። ያን ጊዜ ነው የገባት። ሸኩር በየቤቱ ያን ቃል ይዞ ሲዞር የሚያውቀውን ነገር መናገሩ አልነበረም፤ ተስፋ ሊቆርጥ የደረሰ ሰው አጠገብ ዝም ብሎ መቀመጥ ስለማይችል ነበር።

"ቀላል ናት" አለች ጽዮናዊት።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። ፊቷ ጋለ። እጇ የሚሠራው ነገር ፈልጎ ዳንቴሉን አነሳ፤ ምናልባት ሞኒተሯ ሞቋት ይሆናል ብላ ነፋስ እንዲያገኛት ስታቢላይዘሩን ከጎኗ ወደ ወለሉ ሳበችው።

ምስሉ ቀጥ አለ።

መልሳ አስጠጋችው፤ ተወዛወዘ። አራቀችው፤ ቆመ። "ስታቢላይዘሩ ነው" አለች፣ እምብዛም በማይሰማ ድምፅ። "እኔ ነኝ ያስጠጋሁት።"

"ማግኔቱ!" ሸኩር ከመሬት ተነሳ፤ ከሞት የተነሳ ይመስል ነበር። "የትራንስፎርመሩ ማግኔት ነው የሚጎትታት! አላልኳችሁም? ቀላል ናት!"

"መቼ ነው ያልከው?" አለች ሀዋ።

ጽዮናዊት ጆይስቲኩን አንስታ ለአባቷ አቀረበች። ጋሽ ጎሳዬ ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ በግራ እጃቸው ቀኛቸውን አንስተው ላዩ ላይ አስቀመጡት፤ አውራ ጣታቸውን ቦታው ላይ አደላደሉ። ሰውዬው መሮጥ ጀመረ። ጉድጓዱ ደረሰ። ጣታቸው ወረደች።

ሰውዬው ዘለለ። ማዶ አረፈ።

ሁለተኛው ጉድጓድ ሰፊ ነበር፤ ጋሽ ጎሳዬ ቸኮሉ፣ ከጫፉ ሳይደርሱ ተጫኑ። ሰውዬው ገደል ገባ። ጽዮናዊት ዓይኗን ጨፈነች።

የሰማችው ሳቅ ነበር። ከታመሙ ወዲህ ያልሰማችው፣ ድሮ ጌም ቤቱ ሲዘጋ በግድግዳ በኩል ይሰማት የነበረው ሳቅ።

"ይቺ የኔ ጥፋት ናት!" አሉ ጋሽ ጎሳዬ። "እጄ ደርሳለች፤ የቸኮልኩት እኔ ነኝ! ድገሚልኝ።"

"ተራዬ ነው፣ ጋሽ ጎሳዬ" አለ ሸኩር።

"ዛሬም ተራ አትጠብቅም? ቁጭ በል!"

ሸኩር ቁጭ አለ። አፍታም ሳይቆይ ግን እጁ ሥራ አጣና ዓይኑ ግድግዳ ግድግዳውን መቃኘት ጀመረ። የሚፈታ ነገር ይፈልግ ነበር። ጽዮናዊት አየችው። ወደ ጓዳ ገባች፤ ቁም ሳጥኑን ከፈተች፤ ነጠላውን ፈታች።

"ጋሽ ሸኩር" አለች ስትመለስ፣ "ይቺ ራዲዮም ትንሽ ታንኮሻኩሻለች መሰለኝ።"

ራዲዮዋ ከተገዛች ጀምሮ አንኮሻኩሻ አታውቅም። ሸኩር በሁለት እጁ ተቀበላት፤ ጀርባዋን ገልበጥ አድርጎ አየ፤ ፊቱ በራ።

"ቀላል ናት" አለ።

"አውቃለሁ" አለች ጽዮናዊት፤ ብሎኖቹን የሚያስቀምጥበት ጣሳም አመጣችለት።