ቃል የማይዘል ሰው

የክቡር አቶ መስመር እጆች ሥራ አይፈቱም። እርሳስ ይቀርጻሉ፣ ማስመሪያ በሸሚዝ ጫፍ ይወለውላሉ፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ወርደው ባለቤታቸው የማያውቁትን ቃል ሁሉ ያሰምሩበታል። መምህርቷ “ጀምሩ” ካለች አሥር ደቂቃ አልፏል፤ እሳቸው ሦስተኛው መስመር ላይ ናቸው።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት የቋንቋ ክፍል በዓለም ላይ የለም። መካከለኛ እንግሊዝኛ በምንማርበት የኮሌጅ ክፍል የደረሱን እኚህ ነበሩ። ስሙን ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ክቡርነታቸው ሃያ ዓመት የጭነት መኪና ነድተዋል። አሁን የመኪና ጥገና ዲፕሎማ መማር ይፈልጋሉ፤ ለዚያ ደግሞ የእንግሊዝኛ ንባብ ፈተና ማለፍ ግድ ነው። ሁለቴ ወድቀዋል። ሦስተኛው የመጨረሻቸው ነው።

“ርዕሱን እዩ፤ የየአንቀጹን መጀመሪያ አንብቡ” ትላለች መምህርቷ። “ያላወቃችሁትን ቃል ዝለሉት፤ ጎረቤቶቹ ይነግሯችኋል።”

“ዘልዬው ብሄድ ቢቀየመኝስ?”

“ቃል እኮ አይቀየምም፣ ወንድሜ።”

“እንጃ መምህርት፤ እኔ አልዘልም።”

ክፍሉ በሳቅ ይፈርሳል። አንድ ቀን ስለ ንቦች አነበብንና “ጽሑፉ ስለ ምንድን ነው?” ብላ ጠየቀች። “ስለ ክንፍ!” አሉ ክቡርነታቸው በኩራት። ንቦቹ ጋ ገና አልደረሱም ነበር።

ሌላ ቀን አብረን ስንወጣ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ የእንግሊዝኛ ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን። ወዲያው መዝገበ ቃላታቸውን መዘዙ። “ማቆሚያው ተዛውሯል ነው የሚለው፤ ና ልጄ፣ እንሩጥ!” ብዬ ብጎትታቸው፣ “ቆይ እማማ፣ አንዲት ቃል ቀረችኝ” አሉ። ቃሏ ስትገኝ አውቶቡሱ ታጥፎ ሄዷል። ቃሏ “ለጊዜው” ማለት እንደሆነች እያስረዱኝ በእግራችን ተመለስን።

እኔ ግን በመዝለል የኖርኩ ሰው ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በሃምሳ ስምንት ዓመቴ፣ የልጅ ልጄ ትምህርት ቤት ስትገባ አብሬያት ነው። ከዚያ በፊት አውቶቡስን በቀለሙ፣ መድኃኒትን በካርቶኑ፣ ደብዳቤን በሚያነብልኝ ሰው ፊት ነበር የማውቀው። ስለዚህ መምህርቷ “ገምቱ” ስትል ከክፍሉ አንደኛ እኔ። ጉዱን ያፈላው ይኸው ጉራዬ ነው።

ፈተና ላይ መዝገበ ቃላት መያዝ ይፈቀዳል። እኔ ግን ያ መጽሐፍ ከሌለ ሰውየው ይዘላል፣ ከዘለለ ያልፋል ብዬ ቆረጥኩ። የፈተናው ቀን ውሃ ሊጠጣ ሲወጣ ከጠረጴዛው ላይ አነሳሁና ቦርሳዬ ውስጥ ሸጎጥኩት።

ተመልሶ ፈለገ። ወንበሩ ሥር፣ ኪሱ ውስጥ፣ መስኮቱ ላይ። “አይዞህ ልጄ፣ ዝም ብለህ ገምት” አልኩት በሹክሹክታ። አሁን ልስጠው፣ አሁን ልስጠው ስል ሐፍረት ያዘኝ። ወረቀቱን አየው፣ አየው፣ ከዚያ ባዶውን አስረክቦ ወጣ።

የራሴን ወረቀት ጥዬ በሩ ላይ ደረስኩበት። መጽሐፉን ስሰጠው አልተቆጣም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

“እማማ፣ ባለቤቴ ታማ ሐኪም ቤት በእንግሊዝኛ የተጻፈ የቀጠሮ ወረቀት ሰጡን” አለኝ። “ቀኑን አነበብኩ፣ ሰዓቱን አነበብኩ። ከሥር ያለውን አላወቅኩትም፤ ዘለልኩት። ለካ ምግብ ሳትቀምስ ትምጣ ኖሯል የሚለው። በእጄ ቁርስ አብልቼ ወሰድኳት። ዛሬ ኦፕራሲዮን አይሆንም ብለው መለሱን፤ ሌላ ተራ የሚደርሰው ከሁለት ወር በኋላ ነው። ሁለት ወር አልቆየችልኝም።”

ከዚያ “ለእኔ አስበው ነው፣ አይዞዎት” ብሎ እኔኑ አጽናንቶኝ ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልመጣም፤ ስልኩም አይሠራም።

አሁን ክፍላችን ፈጣን ነው። ሁላችንም እንዘላለን፣ ሁላችንም በሰዓቱ እንጨርሳለን። እኔ ግን አንዷን ቃል ባለፍኩ ቁጥር ምን ተሸክማ ይሆን እያልኩ ዞር እላለሁ። “ቆይ እማማ” የሚለኝ የለም። ያን ድምፅ እንዲህ እናፍቃለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ለመምህርቷ ያደረግሁትን ሁሉ ነገርኳት። ተቆጣችኝ፤ ከዚያ ኮሌጁን ለምና አንድ ዕድል አስፈቀደችለት፣ ሰዓትም አስጨመረችለት። ብቻ የወሩ መጨረሻ ሳያልፍ ራሱ መጥቶ መመዝገብ አለበት። እኔ ደግሞ ቤቱን አላውቀውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ የሆነ ማስታወቂያ ፊት እርሳስና ማስመሪያ ይዞ የቆመ ረጅም ሰው ካያችሁ እለምናችኋለሁ፣ ንገሩልኝ። መጽሐፍህን የወሰደችው አሮጊቷ ናት፣ ጥፋቱም የእሷ ነው፣ መምህርቷም አውቃለች፣ ፈተናው ይጠብቅሃል፣ ሳትዘል የምትጨርስበት ሰዓት ተሰጥቶሃል በሉት። ስትነግሩት ግን አደራ፣ አንድም ቃል አትዝለሉ።