ግድግዳ ለግድግዳ ከዶክተር ነቢል ጋር

በየኮንዶሚኒየሙ ተምሮ የማይጠግብ አንድ ሰው አይጠፋም። ገላን፣ የኛ ብሎክ ላይ ያለው ክቡር ዶክተር ነቢል ይባላል። በዕድሜዬ አንዴ የቤት ዕጣ ቢወጣልኝ ጎረቤቴ እሱ ሆኖ አረፈው።

አንድ ዴስክ ላይ ነው ያደግነው። እኔ ስምንተኛን ወድቄ ጋራዥ ገባሁ። እሱ ሐኪም ለመሆን ሰባት ዓመት ተማረ። ገጠር ብዙ ዓመት ሠርቶ ተመለሰና ስፔሻሊስት ልሁን ብሎ ሦስት ዓመት ጨመረ። አለቀ ስንል የተላላፊ በሽታ ሰብ-ስፔሻሊስት ልሁን አለ፣ ሌላ ሁለት ዓመት። ልጄ ከኮሌጅ ስትመረቅ እሱም ገና ይመረቅ ነበር።

ክቡርነታቸው ሳይመጡ የብሎኩ ሐኪም እኔ ነበርኩ። ያተኮሰውን ሁሉ «ታይፎይድና ታይፈስ ነው» እለውና ከብስኩት ቆርቆሮዬ የተራረፈ አሞክሳሲሊን እሰጠዋለሁ። ሰውም አምኖኝ ይሻለዋል። እሱ ግን መድኃኒት ከመስጠቱ በፊት «ከመቼ ጀምሮ?» ይላል። ውሃ ጠፋ ብትለውም «ከመቼ ጀምሮ?» ነው። ሰዉ ደግሞ ይሄንን እንደ ትልቅ ነገር ወደደለት።

አምና ሳል ያዘኝ። ከቆርቆሮዬ እየዋጥኩ ዝም አልኩ። አንድ ቀን ነቢል አንኳኳ። ለካ በግድግዳው ሲቆጥረኝ ኖሯል።

«ትናንት እራት ላይ ሠላሳ አንድ ጊዜ ሳልክ። ከመቼ ጀምሮ ነው?»

ትናንት ነው ልለው ስል ባለቤቴ አስቴር ከጓዳ «ከመስቀል ጀምሮ» ብላ አጋለጠችኝ።

አክታዬ ሲመረመር ቲቢ ሆነ። ኪኒኑ ስድስት ወር ነው። እኔ ደግሞ የጀመርኩትን መድኃኒት ጨርሼ አላውቅም። በሁለተኛው ወር ተሻለኝና ተውኩት። ነቢል ሰማ። ብተወው ተመልሶ እንደሚገድለኝ፣ ከዚያ በፊት ግን አስቴርን እንደማስይዛት ነገረኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ሥራ ሳይገባ እየመጣ ኪኒኑን ያስውጠኝ፣ ውጬም «ምላስህን አንሳ» እያለ ሥሩን ያይ ነበር። ያን ሁሉ ዓመት የተማርከው የኔን ምላስ ሥር ለማየት ነው ወይ እያልኩ ስሰድበው ከረምኩ።

ባለፈው ወር ድነሃል ተባልኩ። አስቴር አለቀሰች። አሁን ነቢል ጠዋት የሚያንኳኳው ፊት ለፊት፣ ዱጉማ ቤት ነው፤ እሱንም ቲቢ ይዞታል። ዱጉማ ሳሉ እንኳ የረባ አይደለም።

ትናንት በሬ ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ከዱጉማ ቤት ሲወጣ ሥራ የለህም ወይ አለኝ።

«ምላሱን አስነሳኸው?» አልኩት።

«ዱጉማን? እሱ እንዳንተ አያጭበረብርም።»

ደስ ብሎኝ ጋራዥ ሄድኩ።