ጣሪያ ላይ የወጣ በሽተኛ

በሐሳቡ እንደ እኔ ብዙ በሽተኛ የጠየቀ ክርስቲያን ጅማ ውስጥ የለም። ችግሩ በሽተኞቹ ይህን አለማወቃቸው ነው።

ክርስትና ያነሱኝ ጋሼ ደምሰው የቡ ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው፤ ፊደል ያስቆጠሩኝም፣ አባቴ ከሞተ በኋላ ደብተር ይገዙልኝ የነበሩትም እሳቸው ናቸው። ሳንባቸውን ታመው አልጋ ላይ ዋሉ ሲባል ደንግጬ በዚያው ቀን ልሄድ ተነሣሁ። ተነሣሁ ስላችሁ... ጫማዬን ሁሉ አጥልቄ ነበር። ዝናብ መጣ። በማግስቱ ደግሞ ባዶ እጄን መሄድ አሳፈረኝ። ዶሮ ልግዛ ስል ጾም ገባ። የታመመ ሰው በጾም ዶሮ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ካህን ሳልጠይቅ መሄድ ተገቢ መስሎ አልታየኝም። ካህኑን ሳልጠይቅ ጾሙ አለቀ። የቡ ከጅማ በሚኒባስ አንድ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ይህን የምነግራችሁ እኔን እንድትታዘቡ ሳይሆን መንገዱን እንድታውቁት ነው።

አንድ እሑድ ካህኑ ስለ በሽተኛ መጠየቅ ሰበኩ። በጎ ሥራ ዛሬ የሚሠራ እንጂ በቀጠሮ የሚያዝ አይደለም አሉ። እኔም ራሴን እየነቀነቅሁ አዳመጥኩ። ስንወጣ ባለቤቴ ወይንሸት በዚያው የቡ እንሂድ አለችኝ። ከምሳ በኋላ አልኳት። ከምሳ በኋላ ምን እንደሚመጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ተኛሁ።

ማክሰኞ ጎረቤታችን ሐጂ ተማም በር ላይ አገኙኝ። ከየቡ ቡና እየጫኑ የሚያመጡ ነጋዴ ናቸው፤ በሄዱ ቁጥር ጎራ እያሉ ጋሼን ሦስት ጊዜ ጠይቀዋቸዋል። ጋሼ ስለ እኔ ሲጠይቋቸው ደኅና ነው ብለው መልሰውላቸዋል። ይህቺ "ደኅና ነው" ወሽመጤን ቆረጠችው። ደኅና ሆኜ አልሄድኩም ማለት እኮ ነው! በሚቀጥለው ሲሄዱ ትንሽ አሞታል እንዲሉልኝ ለመንኳቸው።

"አስተግፊሩላህ" አሉ ሐጂ። "እኔ ቡና እጭናለሁ እንጂ ውሸት አልጭንም።"

ብዙ ከተከራከርን በኋላ "ራሱ አሞኛል ብሏል" ብለው ሊነግሩልኝ ተስማሙ። ይሄ እውነት ነው አሉ፤ ብያለሁና።

ቅዳሜ ጠዋት ጊንጆ ሰፈር ያለው ቤታችን ጣሪያ ላይ ወጥቼ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ በምስማር እመታለሁ። ባጃጅ በራችን ላይ ቆመ። መጀመሪያ ከዘራ ወጣ፣ ቀጥሎ ጋቢ፣ ከዚያ ጋሼ ደምሰው። በፌስታል ብርቱካን ይዘዋል። ሁለት እርምጃ ይራመዱና ቆመው ይተነፍሳሉ። ወይንሸት ሮጣ ደግፋ አስቀመጠቻቸው። ሐኪሙ ከቤት እንዳይወጡ ቢከለክላቸውም ልጁ አሞኛል ማለቱን ከሐጂ ሲሰሙ አላስችል እንዳላቸው ነገሯት። የት ነው የተኛው ሲሏት ወደ ላይ አየች። እሳቸውም አዩ።

መዶሻው በእጄ ነበር።

"ተሻለህ?" አሉኝ።

ተሻለኝ ብዬ መውረድ እችል ነበር። ማንም አይመረምረኝም። ግን ትንፋሻቸው ሲያፏጭ እዚያ ላይ ድረስ ይሰማኛል። ወርጄ እግራቸው ሥር ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ፣ አላመመኝም። ሰንፌ ነው።"

ቢቆጡኝ ይሻል ነበር የሚያሰኝ አስተያየት አዩኝ። ኋላ ከጋቢያቸው ሥር አንድ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጠበል አወጡ።

"ለሕመምህ ብዬ ነው ያመጣሁት። ይዤው አልመለስም፤ ለስንፍናም ይሆናል።"

አንዲት ጠብታ ሳያስቀሩ ራሴ ላይ አፈሰሱት።

ሻይ ጠጥተው ትንፋሻቸው ሲመለስ ወደ የቡ ላደርሳቸው ተነሣሁ። ልብስ ልቀይር ብዬ ነበር፤ ራሴን ስለማውቀው ፈራሁ። እንደረጠብኩ ደግፌያቸው ወጣሁ።

ሚኒባሱ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጡ እናት የጋሼን ከዘራ፣ ቀጥለው ከፀጉሬ የሚንጠባጠበውን ውኃ አዩና ማን ነው የታመመው ብለው ጠየቁ።

ጋሼ በከዘራቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

ሴትዮዋ ከንፈራቸውን መጠጡልኝ። "አላህ ያሽርህ፣ ልጄ። ቆየብህ?"

"አሜን" አልኩ። "ቆይቷል።"