ያለ ፍተሻ ያለፈችው እንሰት

ትናንት ከምሳ በኋላ ችግኝ ቤቱ ውስጥ ጆንያ ላይ ጋደም እንዳልኩ፣ ዩኒቨርሲቲያችን በሕልሜ ተገልብጦ አየሁት።

በር ላይ ጥበቃው ጋሽ ወርዶፋ የምሁር ካባ ደርበው ተቀምጠዋል። ፕሮፌሰር ልሳኑ እጃቸውን ሰቅለው ይፈተሻሉ።

«ኪስህን ገልብጥ!»

«ጌታዬ፣ እኔ እኮ ፕሮፌሰር ነኝ።»

«እሱ አይደል የሚያጠራጥረው!»

ከበሩ ውጭ የባሕር ማዶ እንግዶች እስከ አስፋልቱ ተሰልፈዋል። ከአገራችን የወሰዱትን ዘርና ብራና ሊመልሱ ነው። «እባካችሁ ተቀበሉን» እያሉ ይነፋረቃሉ። የእንሰት ሥር ስትግጥ የኖረች ፍልፈል መነጽር አድርጋ ታስፈርማቸዋለች።

ከዚያ የፕሮፌሰሩ ቢሮ ገባሁ። ወንበሩ ላይ እንሰቴ እግሯን አነባብራ ተቀምጣለች። ዲግሪ የለኝም፤ የማውቀውን የተማርኩት ከተጣለ ወረቀት ነው። ግን ሌላው እንሰት ሁሉ በበሽታ ሲጠወልግ የማትጠወልገውን ይህችን አንዲት ችግኝ ሰባት ዓመት ለፍቼ ያወጣሁ እኔ ነኝ። ፊት ለፊቷ ሦስት ወር ችግኝ ቤታችን የከረመው የባሕር ማዶ ተመራማሪ እንግዳ ተንበርክኳል።

«ማን አሳደገኝ?» አለችው።

«ፕሮፌሰሩ።»

በቅጠሏ አጠናገረችው። «ማን?»

«ችግኝ የምታጠጣዋ ልጅ። ትርፌ።»

«እንግዲያው ስሟን ጻፍ። በትልቁ!»

ጻፈ። ሰው ፊት የማላለቅሰው ሴትዮ በሕልሜ አለቀስኩ።

«አንቺ ትርፌ፣ ተነሽ!» ጋሽ ወርዶፋ ነበሩ፤ ካባ የለ፣ ያችው አሮጌ ኮፍያ። «እንግዳው ሊሸኝ ነው። መጥታ ታጨብጭብ ተብለሻል።»

ዞር ስል እንሰቴ የነበረችበት ጉድጓድ ባዶውን አፉን ከፍቷል።

አዳራሽ ስደርስ እንግዳው ጋቢ ለብሷል። ባዶ እጁን እንዳይሄድ ብለው ፕሮፌሰር ልሳኑ ችግኟን በሪባን አስረው፣ የሰባት ዓመት የምርምር ደብተሬን ደርበው አስታቀፉት። «ቤተሰባችን ነህ!» አሉት። ሰው ሁሉ አጨበጨበ። እጄ አልነሣ አለኝ።

መኪናው በበሩ ሲወጣ ጋሽ ወርዶፋ ቀጥ ብለው ሰላምታ ሰጡ። እኔ ወደ ቤት ልወጣ በሩ ጋ ስደርስ ግን እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ።

«አዲስ መመሪያ ነው ልጄ። ምርምር ወደ ውጭ አገር እንዳይሾልክ። ቦርሳሽን ክፈቺ።»

ከምሳ ዕቃዬ ሥር በእጄ የገለበጥኩት የደብተሩ ቅጂ ነበር። ሌላ የለኝም።

«ይሄ አይወጣም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። የተያዘ ዕቃ የሚመዘገብበትን መዝገብ ገልጠው እስክሪብቶ ሰጡኝ። «ስምሽን ጻፊ። በትልቁ አድርጊው፣ ዓይኔ ደክሟል።»

በትልቁ ጻፍኩት።