ለማንኛውም የሚነሱት ጉርድ ፎቶ

«ለማንኛውም» የሚሉ ሰዎችን ታውቋቸዋላችሁ? ጎንደር ላይ በዝተውብናል። የትም አይሄዱም፤ የፓስፖርት ጉርድ ፎቶ ግን ለማንኛውም ይነሳሉ። ያውም እቤታቸው! ምን ያድርጉ? ፒያሳ ፎቶ ቤት ከገቡ «ወዴት ነው?» ይባላሉ፤ ሳይመሽ ከተማው ሁሉ ይሰማል።

ጎረቤቴ ጋሻው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው። ባለፈው እሁድ «ፎቶ አንሳኝ» ብሎ ጠራኝና ስልኩን ሰጠኝ። ፎቶው ነጭ ጀርባ ይፈልጋል፣ የቤቱ ግድግዳ ደግሞ አረንጓዴ ነው። ስለዚህ የእናቱን ነጠላ በምስማር ሰቅሏል። ጥለቱ ፎቶው ውስጥ እንዳይገባ ብሎም ወደ ላይ ዘቅዝቆታል።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አልኩት።

«የትም። ለማንኛውም ነው። ደግሞ ፈገግታ ክልክል ነው አሉ።»

«እሱስ አያስቸግርህም» አልኩት። ከሳቅን ስንት ጊዜያችን!

ገና አንድ ጊዜ እንዳነሳሁት እናቱ እማማ ጥሩ፣ ነጠላቸውን ፍለጋ ከጓዳ ብቅ አሉ። እኛ አገር ነጠላ የሚዘቀዘቀው ለሐዘን ነው። ልጃቸው ከተዘቀዘቀ ነጠላ ፊት ኮስተር ብሎ ተገትሮ ሲያዩ እጃቸው ደረታቸው ላይ ቀረ።

«ምነው ልጄ፣ ማን ሞተ?»

«ኧረ ማንም እማዬ! ፎቶ ነው። ለማንኛውም ብዬ ነው።»

«ወንድምህም ለማንኛውም ብሎ ነበር» አሉ። ከአገር ከሄደ ወዲህ ድምፁን አልሰሙም።

ከዚያ ነጠላውን ከምስማሩ አወረዱና ሳያገላብጡ እንደተዘቀዘቀ ለበሱት። ጋሻው አቀረቀረ። እኔም ስልኩን መለስኩለት። ሸሚዜን ተኩሼ የመጣሁት ከእሱ ቀጥዬ ልነሳ ነበር።